ጂፕዋ ከባለቤት ጋር ሐሙስ ትደርሳለች

ይህን የምጽፈው ቆቦን ላላያችሁና ምናልባትም ለማታዩ የደሴ ወዳጆቼ ነው፤ ጉም ለብሳችሁ ጉም ተንተርሳችሁ ለምትኖሩት። ከተመለስኩ ወዲህ በየመንገዱ እያስቆማችሁ «ያቺን ጂፕ ምን አደረግሃት?» ስትሉኝ ሰነበታችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምተርክ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ላስተዋውቅ። እኔ ጌታቸው እባላለሁ፤ ሥራዬ መሬት ቅየሳ ነው። የሰው ቦታ ስለካና ችካል ስተክል አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ የራሴ የምለው አንድ ክንድ መሬት ግን አልነበረኝም። ባለቤቴ አስካለ በሴቶች ትምህርት ቤት የቤት አያያዝ ታስተምራለች። ጓዳ እንዴት እንደሚደራጅ፣ ምድጃ ከየት በኩል እንደሚቀመጥ ልጃገረዶቹን ስታስጠና ትውልና ማታ የምትገባው ሰው ቤት ነበር። ሦስተኛዋ ዳማ ናት። ዳማ ከሐራጅ የገዛኋት አሮጌ ጂፕ ስትሆን፣ ቀለሟ የዳማ ፈረስ ስለሚመስል እንደ ፈረስ ስም አወጣሁላት። ዳማን የማውቃት ከአስካለ አንድ ዓመት ቀድሜ ነው፤ ይህንንም አስካለ ስትናደድ ታነሣብኛለች።

በሰባት ዓመት ትዳር ስድስት ቤት ተከራይተናል። አንዱ አከራይ ልጁን ሊድር ፈልጎ አስወጣን፣ አንዷ ውሃ ታበዛላችሁ ብላ፣ አንዱ ደግሞ ዳማ ጠዋት ስትነሣ ዶሮዎቹን ታስደነግጣለች ብሎ። አስካለን የሚያንገበግባት ግን መጋዙ አይደለም፤ ምስማር ነው። በሰው ግድግዳ ላይ አንዲት ምስማር ለመምታት ፈቃድ መጠየቅ ስለሰለቻት የሠርጋችን ፎቶግራፍ ሰባት ዓመት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል።

ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የመጨረሻዋ አከራያችን እትዬ በላይነሽ አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ቆረጡና ቤቱን እንድንገዛቸው ጠየቁን። ሐምሌ ሳያልቅ ካልሆነ ግን ለሌላ ሰው ይሸጡታል። ያጠራቀምናት አትበቃም፤ የምትሞላው ዳማ ከተሸጠች ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ተጀመረ። እኔ፣ ዳማ ራሷ ቤት ናት፣ ጎማ ያላት ቤት ናት፣ ሐይቅ ዳር ስንፈልግ ሐይቅ ዳር፣ ተራራ ላይ ስንፈልግ ተራራ ላይ ያደረችልን እሷ አይደለችም ወይ እላለሁ። አስካለ ደግሞ ወጥ የሚሠራው ምኗ ላይ እንደሆነ አሳየኝ ትለኛለች። ሁለት ሳምንት ተከራክረን አሸነፈችኝ። ያሸነፈችኝም በነገር አይደለም፤ አንድ ማታ ፎቶግራፉን ከሣጥን አውጥታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ መልሳ ስታስገባው አየኋት።

ገዢ አልጠፋም። ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የቆቦ የጨውና የጨርቅ ነጋዴ ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ ዳማን አይተው ልባቸው ሸፍቶ፣ እኔን ሳያገኙኝ በሰው ልከው አስጠይቀው ነበር። ወደ ቆላ የሚወርዱበት መንገድ አውቶቡስ አይገባበትም። ወደ ቆቦ በሚሄድ የአውቶቡስ ሹፌር እጅ ብጣሽ ወረቀት ላክሁላቸው። አውቶቡሱ ሊነሣ ጡሩንባውን ይነፋል፤ እኔ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። «ጂፕዋ ከባለቤት ጋር ሐሙስ ትደርሳለች።» ከባለቤቴ ልል ነበር፤ «ቴ»ዋ ከጡሩንባው ጋር በነነችና «ት» ሆና ቀረች። እንግዲህ ይቺን ፊደል ልብ በሉልኝ።

ረቡዕ

ከደሴ የተነሣነው በጠዋት ነው፤ እንደ ልማዳችን ጉሙ አፍንጫችን ላይ ተቀምጧል። አስካለ አንድ ከረጢት በሶና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ጭናለች። ዓምናና ዘንድሮ የተራበ ሰው በሞላው በዚያ መንገድ ባዶ እጁን መሄድ የሚችል ሰው ልቡ ምን እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ዓመት በሥራ ምክንያት እስከ ወልድያ ሄጄ ያየሁትን ለአስካለም በሙሉ አልነገርኳት። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ገብቶ ስለነበር በመንገዱ ግራና ቀኝ የምናየው ሰው ፊቱን ወደ አገሩ ያዞረ ነበር። እንደዚያው የከሳ፣ እንደዚያው የተራቆተ ነው፤ አካሄዱ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ዘር በጨርቅ ቋጥሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ከረጢቶቹ ወልድያ ሳንደርስ ተጋመሱ።

ሐይቅን አልፈን ወደ ውጫሌ ስንቃረብ ዝናቡ ወረደ። የዳማ ሸራ በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ሦስቱም ቦታ ከአስካለ ራስ በላይ ነው። ጃንጥላዋን ጂፑ ውስጥ ዘረጋች። እኔ በአንድ ዓይኔ መንገዱን፣ በአንድ ዓይኔ የጃንጥላውን ሽቦ እየሸሸሁ ነዳሁ። «ቤት ናት አላልክም?» አለችኝ። «እውነትክን ነው። እንደምንከራያቸው ቤቶች ታፈሳለች።»

መርሳ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ማንሻው ጭቃው ውስጥ ሰመጠብኝ። ከማሳ የነበሩ አምስት ሰዎች ሞፈራቸውን ጥለው መጡና ዳማን በጎኗ አንሥተው ይዘዋት ቆሙ፤ እኔ ጎማውን እስክቀይር ድረስ ስለ ዝናቡ ነበር የሚያወሩት። ምስጋናዬንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ደሴ ውስጥ ዳማን ለመግፋት እንኳ ስንት ሰው እንደሚያስለምን አሰብኩ። መርሳ ላይ የጾም ሽሮ በልተን ብርቱካን ገዝተን አመሻሽ ላይ ወልድያ ገባን።

ያረፍንበት ሆቴል ባለቤት እትዬ ጽጌ የሚባሉ ሳቂታ ሴት ናቸው። የለቀቁልን ክፍል አልጋ አንድ እግሩ ድንጋይ ነው። የአስካለን ልብስ መራስ አይተው ሳይጠየቁ ሙቅ ውሃ በሳፋ አመጡላት፣ የራሳቸውንም ቀሚስ አዋሷት። ለምን እንደምንሄድ ስንነግራቸው ሳቁ። ከእሳቸው የበለጠ ባለቤት ወልድያ እንደሌለ፣ ስምንት ክፍል እንዳላቸው፣ የሚተኙት ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር እየተነሡ ወጥ ቤት መሬት ላይ እንደሆነ አጫወቱን። እኔ አስካለን ገላምጬ አየኋት፤ እሷ ግን የእትዬ ጽጌን ግድግዳ ነበር የምታየው። ስዕል፣ ቀን መቁጠሪያ፣ መስታወት፣ ወንፊት፣ ሁሉም ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ሐሙስ

ከወልድያ ወደ አላውሃ ወንዝ መውረድ ማለት ልብስ እያወለቁ መሄድ ነው። መጀመሪያ ካፖርት፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ጎብዬ ስንደርስ በሸሚዝ ቀረሁ። የደሴ ሰው ሆይ፣ ፀሐይ ማለት እኛ ጦሳ ተራራ ላይ ብልጭ ስትል «ወጣች፣ ወጣች» የምንላት አይደለችም። የራያ ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ አብራችሁ ትጓዛለች፤ አትወርድም። ጎብዬ ላይ ሻይ ጠጣን። የዳማም ውሃ ፈልቶ ስለነበር አንዲት ሴት ለራሷ የቀዳችውን ውሃ ከእንስራ አፍስሳ ሰጠችን። ወንዙ እዚሁ ነው አለች፤ ርቀቱን ኋላ ስናልፍ ገመትነው፣ በእግር ሩብ ሰዓት ያስኬዳል።

ከጎብዬ ትንሽ እንደወጣን በሩቁ በር አየሁ። ሜዳው ላይ የቆመ በር መስሎኝ ነበር፤ ስንጠጋው ይንቀሳቀሳል። እግርም አለው። አንድ ሽማግሌ ወፍራም የሳንቃ በር በጠፍር አስረው በጀርባቸው ተሸክመው፣ ከኋላቸው አንዲት ሴት ድስትና ቅል ይዘው ይሄዳሉ። ዳማን አቆምኩ።

«አያ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት ነው» አሉ።

«ቤቱስ የት ነው?»

ክንዳቸውን ወደ ኋላ አዙረው ሳንቃውን መታ መታ አደረጉት። «ይሄው። ቀሪው ከዋጃ ወዲያ ነው።»

አያ ሙሄ ይባላሉ፤ ሚስታቸው ሰዒዳ ናቸው። ዓምና መኸሩ ሲቀር ግመሏም በሬውም አለቀና፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲነቀል እሳቸው በሩን ነቅለው ወጡ። ወልድያ አጠገብ ካለው መጠለያ አሥር ወር ተቀምጠዋል። ለምን በሩን ብዬ ብጠይቃቸው እንደ ሞኝ አዩኝ። «ግድግዳውንማ ዝናብ ቢበላው ጭቃ አይጠፋ። ሣሩም ይበቅላል» አሉኝ። «ይሄን ግን አባቴ ናቸው ከአንድ ግንድ የጠረቡት፤ እንዲህ ያለ ዛፍ ዛሬ ራያ ላይ የለም። ትቼው ብሄድ ለማገዶ ይወስዱታል። የተራበ ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ቤቴ ነው።»

ሳንቃውን ዳማ ሸራ ላይ ጠፍረን እነሱን ከኋላ ጫንን። ሮቢት ላይ ሌላ ዝናብ ወረደ፤ የሚያፈሱት ሦስቱም ቀዳዳዎች በሳንቃው ተደፍነው ዳማ ከተገዛች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አላፈሰሰችም። አስካለ ጃንጥላዋን ዘርግታ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ አጠፈችውና ሳቀች። አያ ሙሄም ምን እንዳሳቃት ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

እመት ሰዒዳ አይስቁም ነበር። ከአስካለ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወሩ ሰማሁ፣ የተባለውን ግን አስካለ የነገረችኝ ቆቦ ከገባን በኋላ ነው። ሁለት ልጆች መጠለያው አጠገብ ቀብረዋል። ሁለቱንም የሸኟቸው በዚያው ሳንቃ ላይ ነው። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ለምን እንደምደብቅ አላውቅም። ጠዋት ሳንቃውን ስጠፍር እንደ ማንኛውም ዕንጨት ረግጬው ነበር።

ቆቦ የደረስነው ለዐሥር ሰዓት ሲቃረብ ነው። ሐጂ እንድሪስ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ረጅም፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ፈገግታቸው ከሩቅ የሚቀበል ሰው ናቸው። እጄን ልዘረጋ ስል በአጠገቤ አለፉና አስካለን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተቀበሏት። «እንኳን ደኅና መጡ፣ አንቱ። መንገዱ አላደከመዎትም? ይግቡ፣ ይግቡ፤ ቤቱ የርስዎ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ሹፌር፣ ጂፕዋን ጥላ ውስጥ አስገባት። ከዚያ ከጫኞቹ ጋር ጠጋ በልና አረፍ በል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ አስካለን አየኋት። ሁሉ ገብቷታል። እርማት ከአፏ ይወጣል ብዬ ብጠብቅ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች።

በዚያ ቤት ለክርስቲያን እንግዳ የሚደረገውን ብታዩ ደስ ይላችኋል። የሐጂ ባለቤት እመት ዘይነባ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው ዶሮ አሳረዱ፤ ወጡንም ያችው ጎረቤት በራሷ ድስት ሠራችው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ለእነሱ ቀላል በሆነ ዓመት አይደለም። ሐጂ ጨውና ጨርቅ እንጂ እህል አይነግዱም፤ ከጓዳቸው ያለውም ቀን እየቆጠረ ነው። እመት ዘይነባ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ዘንድሮ ዶሮዋም ከሰው ጋር አብራ ከስታለች ብለው አስቀውናል። አስቀዋቸዋል ልበል፤ እኔ የነበርኩት በረንዳ ላይ ነው። ከጫኞቹ ጋር ጥቁር የማሽላ እንጀራ በመረቅ በላሁ። ከመካከላቸው ክርስቲያን የሆንኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የዶሮዋ አንድ ክንፍም ደረሰኝ። ጨዋታቸው ግን ደስ ይላል። «ባለቤቷ ክፉ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። አንዳንዴ አልኳቸው። «ደመወዝ ትሰጥሃለች?» ሰባት ዓመት ሠርቼ አንድም ቀን አልሰጠችኝም ብል አዘኑልኝና ማሽላውን ጨመሩልኝ።

ሲመሻሽ አስካለ እጇን ለመታጠብ መስላ ወጣች። በእንጀራ የጠቀለለችውን የዶሮ ቅልጥም በጓሮ በኩል አቀበለችኝ። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «አንድ ቀን እንኳ ባለንብረት ሆኜ ልደር ብዬ ነው» አለች። «ነገ እነግራቸዋለሁ። ዛሬን ተወኝ።» ተውኳት። እሷ ከእመት ዘይነባ ጋር እልፍኝ ተኛች፣ አያ ሙሄና እመት ሰዒዳ በጓሮ ባለው ክፍል፣ እኔ ዳማ ውስጥ። የመጨረሻችን ነው ብዬ መሪዋን ይዤ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ዓርብ

ጠዋት ሐጂ ለአስካለ ሐሳብ አቀረቡላት፤ ካልከፋዎት ጂፕዋን በአሸዋና በወንዝ ልያት፣ አያ ሙሄንም እናድርሳቸው፣ ለጁምዓ ሶላት እንመለሳለን አሏት። አያ ሙሄን ከድሮ ያውቋቸዋል፤ በደጉ ዘመን ማራቸውን የሚገዙት እሳቸው ነበሩ። አስካለ እኔን ሳታይ ፈቀደች። ከፊት ከጎኔ ተቀመጠች፤ ሐጂ ከኋላ ከእንግዶቻችን ጋር ሆኑ። ሳንቃው እንደ ትናንቱ ከላይ ነው።

ዋጃን ትንሽ አልፈን ከዋናው መንገድ ወጣን። ሜዳው አረንጓዴ መሆን ጀምሯል፤ ሁለት ሦስት ቦታ ሰው በበሬ ፋንታ ራሱ እየጎተተ ያርሳል። ከዚያ አሸዋማ ወንዝ አጋጠመን። ከላይ የዘነበው ትናንት ወርዶ፣ ውሃው አልፎ አሸዋው ለስልሶ ቀርቷል። ዳማ ከዚህ የባሰ አይታለች ብዬ ገባሁ። መካከል ላይ እስከ ወገቧ ተቀበረች።

ቆፈርን፣ ገፋን፣ ድንጋይ ወረወርን። ሐጂ ሽርጣቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገቡ። ከላይ ደመናው እየጠቆረ ነው፤ ውሃ ከመጣ ዳማም አለቀላት፣ የእትዬ በላይነሽ ቤትም አለቀለት። አያ ሙሄ ሲያዩን ቆዩና ጠፍሩን ይፈቱ ጀመር። ሳንቃውን አውርደው ጎማው ፊት አነጠፉት።

«አይሆንም፣ አያ» አልኳቸው። ትናንት አስካለ የነገረችኝን አስቤ ሳንቃውን መልሼ ልስብ ያዝኩት።

«ስንቱን ተሸክሟል፤ ይቺ አታቅተውም» አሉኝ። «ንዳ።»

ነዳሁ። ዳማ ሳንቃው ላይ ወጣች፣ አቃሰተች፣ ዘለለችና ማዶ ደረሰች። ወርጄ ወደ ሳንቃው ሮጥኩ። የጎማ አሻራ ከማኖሩ በቀር ምንም አልሆነም። በሸሚዜ ጠራረግኩት።

ቤታቸው ክብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ደረት ቆሟል፣ ከጣሪያው ግማሹ የለም፣ በር የነበረበት ቦታ መቃኑና ጉበኑ ብቻ ቀርተዋል። ሦስት ጎረቤቶች ቀድመው ተመልሰዋል። አያ ሙሄ ምንም ሳይሉ ሳንቃውን መቃኑ ላይ ገጠሙት፤ ገባ። መወርወሪያውን በቅል ውስጥ ይዘውት ኖሯል እመት ሰዒዳ፤ እሱም ገባ። ከጎረቤት ፍም ለምነው ይዘው እሳቸው ቀድመው ገቡና በሩን ዘጉ። ጣሪያ ስለሌለው ጭሱን በላይ በኩል እናያለን።

አያ ሙሄ ከውጭ ቀሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ እንግዳ «ቤቶች» ብለው ተጣሩ።

ከዚያ ከውስጥ የእመት ሰዒዳ ድምፅ መጣ። «ደጆች» አሉ። «ይግቡ።»

ትናንት ከጎብዬ እስከ ቆቦ ያልሳቁት ሴት ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። አያ ሙሄ መወርወሪያው ሲንቀሳቀስ ሰምተው ጎንበስ ብለው ገቡ።

አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ጠጋ ብዬ ምን ሆንሽ አልኳት። ለጊዜውም ሹፌር መሆኔን ረስቼዋለሁ። «ሰባት ዓመት ሙሉ» አለችኝ፣ «አንድም ቀን ደጆች ብዬ አላውቅም።» እውነቷን ነው። በኪራይ ቤት የሚጣራ ሰው ቤቶች ሲል የሚመልሱት አከራዮቹ ናቸው፤ እኛን የሚፈልግ «እነ ጌታቸው አሉ?» ነው የሚለው። እኔ ይህን እስከዚያች ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ለሶላት ደረስን። ከሶላት በኋላ ሐጂ አንድ ሽማግሌ ለምስክር አምጥተው ዳማ አጠገብ ቆሙ። በዚያ አገር ከብትም ሆነ ጂፕ፣ ሽያጭ የሚጸናው በእጅና በቃል ነው። ሐጂ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ለአስካለ ዘረጉላት።

«ወድጃታለሁ፣ በዋጋውም ተስማምተናል» አሉ። «እንግዲህ ሽጫለሁ ይበሉ፣ አንቱ።»

አስካለ እጅዋን አልዘረጋችም። ዳማን አየች፣ እኔን አየች። የእትዬ በላይነሽ ቤት ከፊቷ ቆሞ ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀራት። እኔም አሁን ትለዋለች ብዬ እየጠበቅሁ ነበር።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «የሷ ባለቤት እኔ አይደለሁም። እኔ የሱ ባለቤት ነኝ።»

ሐጂ ብጣሿን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አነበቧት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው አነበቧት። «አስተግፊሩላህ» አሉ። «የሰው ባል ከጫኝ ጋር በረንዳ ላይ መረቅ አብልቼ አሳደርኩ።» ከዚያ ሽማግሌውም፣ ከሱቁ የወጡት ጫኞችም፣ እመት ዘይነባም ከውስጥ ሆነው ሳቁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «አንተ» ቀርቶ «አንቱ» ሆንኩ። አስካለ ግን ገና አልጨረሰችም። «ቤቱን የፈለግሁት እኔ ነኝ፣ ጂፕዋን የሚወዳት እሱ ነው። ሽጫለሁ የሚለው ቃል ከኔ አፍ አይወጣም» አለች። ቀስ ብላም፣ እንግዲህ ሰባተኛ ቤት እንፈልጋለን አለችኝ።

ዳማን እወዳታለሁ፤ አሁንም። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ውስጥ የነበረው የእመት ሰዒዳ «ደጆች» ነው። ደግሞም የዳማ ሥራ ደሴ ላይ ሁለት ሰው ማንሸራሸር እንዳልሆነ በዚያ አሸዋ ላይ አይቻለሁ። እጄን ዘረጋሁ። የዘር ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ጨው ከመጫንዎ በፊት ወደ አገሩ የሚመለሰውን ሰው ያድርሱባት አልኳቸው። አላህ ምስክሬ ነው አሉ።

«ሽጫለሁ» አልኩ።

«ገዝቻለሁ» አሉ።

ሽማግሌው መረቁን። ሐጂ እጄን ሳይለቁ፣ በእነሱ ዘንድ በሬ የሸጠ ሰው ገመዱን አስቀርቶ እንደሚሄድ ነገሩኝ፤ የዳማ ገመድ ምኗ ነው አሉኝ። እኔ ስለ በሬ ሲሉኝ የሰማሁት በሩን ነው። በሯን፣ አልኳቸው፣ በነጂው በኩል ያለውን። በዚያ ሙቀት ሐጂ በሮቿን ነቅለው ሊጥሏቸው አስበው ኖሯል፤ ዋጋ እንኳ አያወጡም ብለው ሳቁብኝ።

ቅዳሜ

ከቆቦ አውቶቡስ ተራ የተነሣነው በሩን በጠፍር ታዝዬ ነው። ጠፍሩን የሰጡኝ ሐጂ ናቸው፣ ስንቁን እመት ዘይነባ፤ እምቢ ብንልም አልሰሙንም። አስካለ ከኋላዬ የእመት ዘይነባን አገልግል ይዛ ስትከተል ሐሙስ ዕለት በመንገድ ካገኘናቸው ማንን እንደምንመስል ሁለታችንም አወቅን። የአውቶቡሱ ረዳት በሩ ዕቃ ይሁን ተሳፋሪ ግራ ገብቶት ከሹፌሩ ጋር ተመካከረ። መጨረሻ ላይ ወዴት ነው ይሄ ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ቤት ነው አልኩት።

ወልድያ ላይ እትዬ ጽጌ አውቶቡሱ ሲቆም ብቅ ብለው በሩን አዩና ጂፕዋ ምን ገጠማት ብለው ደነገጡ። ነገሩን ስንነግራቸው ከወጥ ቤታቸው አንድ ጥቅል ምስማር አምጥተው ለአስካለ ሰጧት። መርሳን ካለፍን በኋላ ሹራብ፣ ከውጫሌ በኋላ ካፖርት ለበስን፤ ጉሙም ከሐይቅ ጀምሮ ተቀበለን።

ቤቱን ሐምሌ ሳያልቅ ገዛነው። አስካለ በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ምስማር መታች፤ የምትሰቅለው ግን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበራት። የዳማን በር አጥሩ ላይ የግቢ በር አድርጌ ገጠምኩት። እጀታውም ይሠራል፣ መስታወቱም በመዘውሩ ይወርዳል ይወጣል። ያለፈ ያገደመ ሁሉ ቆሞ ይስቃል፤ እናንተም ስትስቁ ቆይታችኋል።

መጀመሪያ የተጣሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ሳይነሡ የረሱትን ሙቀጫ ሊወስዱ መጥተው፣ ለሃያ ዓመት ሳይጠይቁ በሚገቡበት ደጅ ላይ ቆሙና እንደ ወጉ «ቤቶች» አሉ። ልመልስ አፌን ስከፍት አስካለ ክንዴን ያዘችኝ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች፣ መዘውሩን ቀስ ብላ አዞረችና መስታወቱን አወረደች።

«ደጆች» አለች።